«ኔትወርክ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ የቲኤክስቲ ሪከርድን የሚያበላሸው ፈንክሽን

ደብረ ብርሃን ላይ ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ሰሞኑን የሚመጣው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። «ወንድሜ፣ ኢሜይላችን ስፓም ውስጥ ነው የሚገባው፣ እባክህ እየው።» ሆቴሉም ይላል፣ የሱፍ ምንጣፍ ውጭ የሚልኩትም ይላሉ፣ የግል ኮሌጁም ይላል። መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ «ኔትወርክ ነው»። ኔትወርካችን ብዙ ኃጢአት አለበት፣ ጠበቃ አልቆምለትም። ይሄኛው ግን የሱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የዶሜኑ (የድረ ገጹና የኢሜይሉ አድራሻ ስም) ጽሑፍ ሪከርድ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሪከርዱ ደህና ሆኖ ሳለ እሱን አንብቦ «ተበላሽቷል» የሚለው ኮድ ነው የተበላሸው። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም።

ለምን አሁን? እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጎግልና ያሁ ኢሜይል ላኪዎች ላይ ጠበቅ ያለ ሕግ አወጡ። ማንም ላኪ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሪከርድ ዶሜኑ ላይ ሊኖረው ይገባል፤ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልክ ደግሞ ኤስፒኤፍ (በዶሜኑ ስም ማን እንዲልክ እንደተፈቀደ የሚዘረዝር)፣ ዲኪም (መልእክቱ የተፈረመበትን ቁልፍ የሚያሳይ) እና ዲማርክ (ማረጋገጫው ሲወድቅ ምን ይደረግ የሚል) የሚባሉትን ሦስቱንም ማሟላት አለበት። ማይክሮሶፍትም በ2025 ለአውትሉክ ተመሳሳይ ነገር አመጣ። ደብረ ብርሃን ያለ ሆቴል በቀን 5,000 ኢሜይል አይልክም፣ ግልጽ ነው። ግን ማጣሪያው ለትንሹም ቢሆን ከድሮው ከርሯል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው በአንዴ ዲኪም ወደ ማስገባት ገባ። እነዚህ ሦስቱም የሚቀመጡት ዲኤንኤስ (የዶሜን መረጃ የሚጠየቅበት የኢንተርኔት ማውጫ) ላይ ነው፣ ያውም ቲኤክስቲ በሚባለው ሪከርድ ውስጥ።

ቲኤክስቲ ሪከርድ ሲታይ ቀላል ነው። ዶሜን ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ነው፣ በቃ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ውስጡ ግን እንደዚያ አይደለም። በ1987 የወጣው አርኤፍሲ 1035 የሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ቲኤክስቲን ሲያስቀምጥ «አንድ ጽሑፍ» አላለም፤ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቁርጥራጮች ነው ያለው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፊቱ ላይ ርዝመቱን የሚናገር አንድ ባይት (አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚይዝ ቦታ) አለው። አንድ ባይት ደግሞ ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም። ስለዚህ የትኛውም ቁራጭ ከ255 ባይት አይበልጥም። ጽሑፉ ከረዘመ ይቆረጥና ሌላ ቁራጭ ይጀመራል፣ እሱም የራሱን የርዝመት ባይት ይዞ።

ስንዴ በጆንያ እንደመጫን አስቡት። ጭነቱ የአንድ ሰው ነው፣ ጆንያው ግን ከተወሰነ በላይ ስለማይዝ ተከፋፍሎ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ አንዱን በሌላው ላይ መገልበጥ ነው። መሃል ላይ የሚጨመር ነገር የለም፤ ባዶ ቦታም፣ ኮማም፣ ጥቅስ ምልክትም። ስለ ኤስፒኤፍ የሚያወራው አርኤፍሲ 7208 እና ስለ ዲኪም የሚያወራው አርኤፍሲ 6376 ሁለቱም ይህንኑ በግልጽ ያዛሉ፦ ቁርጥራጮቹ ያለ ምንም ክፍተት ይገጣጠሙ።

እዚህ ጋ ቁጥር ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተያዘው በዚህ ቁጥር ነው። ድሮ የዲኪም ቁልፍ ባለ 1024 ቢት ነበር። ይህ ቁልፍ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር 216 ፊደል ይሆናል፤ ከፊቱ የሚመጣው የተለመደው መግቢያ 18 ፊደል ሲጨመርበት 234። ከ255 በታች ነው፣ አንድ ቁራጭ ይበቃዋል። አሁን የሚመከረው ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ግን 392 ፊደል ነው፣ ከመግቢያው ጋር 410። አንድ ቁራጭ ውስጥ አይገባም። የግድ ሁለት ይሆናል፣ 255 እና 155።

ገባችሁ አይደል? ቲኤክስቲን «አንድ ጽሑፍ ነው» ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር ለዓመታት ሳይነቃበት ኖረ። ሪከርዶቹ አጫጭር ስለነበሩ ኮዱ ልክ ይመስል ነበር። ቁልፉ ሲረዝም ጉዱ ወጣ።

አሁን ፒኤችፒ ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንምጣ፤ እዚህ አካባቢ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ያለው ድረ ገጽ ከሞላ ጎደል ፒኤችፒ ነውና። ፒኤችፒ ውስጥ ዲኤንኤስን የሚጠይቅ «ዲኤንኤስ ጌት ሪከርድ» የሚባል ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ ዝግጁ ኮድ) አለ። የዶሜን ስም ትሰጡታላችሁ፣ ቲኤክስቲ ፈልግ ትሉታላችሁ፣ ዝርዝር ይመልስላችኋል። ለእያንዳንዱ ሪከርድ «ቲኤክስቲ» በሚል ስም የተገጣጠመውን ጽሑፍ፣ «ኤንትሪስ» በሚል ስም ደግሞ ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ይሰጣል። ሰው ሁሉ የሚወስደው የመጀመሪያውን ነው። ዝግጁ ሆኖ ቀርቦ እያለ ማን ይለፋል?

የድሮው የፒኤችፒ ኮድ ቁርጥራጮቹን የሚገጣጥመው በአንድ ሉፕ (እየደጋገመ በሚሠራ የኮድ ክፍል) ነበር፣ እና ሉፑ አንድ ቆጣሪ ብቻ ነበረው። ያው አንድ ቆጣሪ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከመጣው መልስ ላይ የት ድረስ እንደተነበበ ይይዛል፣ አዲሱ ጽሑፍ ላይ የት ድረስ እንደተጻፈም ይይዛል። ችግሩ ሁለቱ እኩል አይሄዱም። ንባቡ የርዝመት ባይቱንም ይቆጥራል፣ ጽሕፈቱ ግን የርዝመት ባይቱን አይጽፍም። የመጀመሪያው ቁራጭ 255 ባይት ከሆነ ከ0 እስከ 254 ባለው ቦታ ላይ በትክክል ይጻፋል። ከዚያ ቆጣሪው 256 ላይ ይደርሳል፣ ምክንያቱም የርዝመት ባይቷም ተቆጥራለች። ሁለተኛው ቁራጭ መጻፍ የሚጀምረው ከ256 ነው። 255ኛው ቦታስ? ማንም አልነካውም። ባዶውን ቀረ።

ባዶ ስል ባዶ አይደለም እንዴ? አይደለም። ፒኤችፒ ለጽሑፉ ሜሞሪ ሲወስድ አያጸዳውም፤ ከዚያ በፊት ሌላ ሥራ ሲሠራበት የነበረ ቦታ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በዚያች አንድ ቦታ ላይ የሚገኘው ድሮ እዚያ የነበረው ነገር ነው። አንዳንዴ ዜሮ ባይት፣ አንዳንዴ ፊደል፣ አንዳንዴ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጉድ። 410 መሆን ያለበት ጽሑፍ 411 ሆኖ ይመጣል። ሦስት ቁራጭ ያለው ረጅም ሪከርድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቆሻሻ ባይት ይኖረዋል።

እውነቱን ለመናገር እንደዚህ ዓይነት ስህተት ሰውን ያሳብዳል። ቋሚ አይደለማ። ስክሪፕቱን ትሞክሩታላችሁ፣ ይሠራል። ነገ ያው ስክሪፕት፣ ያው ዶሜን፣ «ቁልፉ ትክክል አይደለም» ይላል። ቆሻሻዋ ባይት ዜሮ ከሆነች ብሮውዘር ላይ ብታወጡት ምንም አይታይም፤ ዓይናችሁ ትክክለኛው ጽሑፍና ይሄኛው አንድ ናቸው ይላል፣ ኮዱ ግን አይደሉም ይላል። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ የፒኤችፒው የቤዝ64 (ቁልፉ ወደ ጽሑፍ የተቀየረበት ዘዴ) መፍቻ ፈንክሽን ነው። በጥብቅ እንዲፈትሽ ካልታዘዘ በስተቀር የማያውቀውን ምልክት ዝም ብሎ ይዘለዋል። ስለዚህ ቆሻሻዋ እንግዳ ምልክት ከሆነች ይጥላትና ቁልፉ ደህና ሆኖ ይፈታል፣ ሁሉም ሰላም። ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም አሃዝ ከሆነች ግን እንደ ቁልፉ አካል ይቆጥራታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ቁልፉ ቆሻሻ ይሆናል። ዕድል ነው እንግዲህ።

የተስተካከለው ኮድ ምን አደረገ? ሁለት ቆጣሪ። አንዱ ለንባብ፣ አንዱ ለጽሕፈት። በቃ ይሄው ነው ጥገናው፣ የጽሑፉንም ርዝመት ከሁለተኛው ቆጣሪ ላይ መውሰድ። ትልቅ ነገር የሚመስላችሁ ካለ አይደለም፣ ጥቂት መስመር ነው።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ጂሜይል የናንተን ዲኪም ሲያረጋግጥ በናንተ ሰርቨር ላይ ያለውን ፒኤችፒ አይጠቀምም። ዲኤንኤሱን ራሱ ጠይቆ፣ በራሱ ኮድ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ይህ ስህተት ኢሜይላችሁን በቀጥታ ስፓም ውስጥ አይከተውም። የሚያበላሸው መመርመሪያውን ነው፤ «ሪከርድዎ ትክክል ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ገጽ፣ ፕለጊኑን፣ ዶሜኑ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ የሚለውን ቅጽ። ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ቀይ ምልክት ሲያይ ዝም አይልም። እዚሁ ከተማችን አንድ ተቋም ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሪከርዱ ልክ ነበር። የሚመረምረው ገጽ ግን ቀይ አበራ። ባለሙያው ቁልፉን አጠፋና አዲስ አወጣ፣ አሁንም ቀይ። ከዚያ ቁልፉን በእጁ ለሁለት ቆርጦ ሁለት የተለያዩ ሪከርዶች አድርጎ አስገባው፣ ገጹ ላይ የሚታየው ስላጠረ ቀዩ ጠፋ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ ኢሜይሉ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምር መውደቅ ጀመረ። ያልታመመውን ማከም ማለት ይህ ነው።

ሁለት ቁራጭ ያለው አንድ ሪከርድ እና ሁለት ሪከርድ አንድ አይደሉም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። በአንድ ሪከርድ ውስጥ ያሉ ቁርጥራጮች ቅደም ተከተላቸው የተጠበቀ ነው። የተለያዩ ሪከርዶች ግን በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ዋስትና የለም፤ ዛሬ ይኼኛው ቀድሞ፣ ነገ ያኛው። «የመጀመሪያውን ውሰድ» የሚል ኮድ የጻፈ ሰው ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። ዋናው ዶሜን ላይ ኤስፒኤፍም አለ፣ የጎግል ማረጋገጫም አለ፣ የሌላ አገልግሎት ማረጋገጫም አለ፣ ሁሉም ቲኤክስቲ ናቸው። የመጀመሪያው የትኛው እንደሚሆን አታውቁም። ሁሉንም አይታችሁ በኤስፒኤፍ መግቢያ የሚጀምረውን መምረጥ አለባችሁ። እንደዚያ የሚጀምሩ ሁለት ካገኛችሁ ደግሞ ያ ራሱ ስህተት ነው፤ ኤስፒኤፍ በአንድ ዶሜን ላይ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

የዚያው ሉፕ ሌላ ታሪክ አለው፣ ይሄኛው ግን ቀልድ አይደለም። በ2014 ሲቪኢ-2014-4049 በሚል ቁጥር የተመዘገበ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘበት። ኮዱ የርዝመት ባይቷን ያምናት ነበር። «200 ባይት አለኝ» ካለች 200 ባይት ይቀዳል። እውነት 200 አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። አሁን አስቡት፤ ድረ ገጻችሁ ላይ የመመዝገቢያ ቅጽ አለ፣ ሰው ኢሜይሉን ሲያስገባ ዶሜኑን ዲኤንኤስ ላይ ትፈትሻላችሁ፣ ጥሩ ልማድ ነው። ተንኮለኛው የራሱን ዶሜን ያስገባል። የዚያ ዶሜን ዲኤንኤስ ሰርቨር የራሱ ነው፣ የፈለገውን መልስ ይሰጣል። 10 ባይት ብቻ ይልክና ፊቱ ላይ 200 ይጽፍበታል። የናንተ ሰርቨር ለ10 ባይት ባዘጋጀው ቦታ ላይ 200 ይገለብጣል፣ ጎረቤት ሜሞሪ ላይ ይፈስሳል። ትንሹ ጉዳት ፕሮግራሙ መውደቁ ነው፣ ትልቁ ሰውየው የራሱን ኮድ ማስኬዱ።

ጠገኑት። ግን ጥገናው ሙሉ አልነበረም፣ በዚያው ዓመት ሲቪኢ-2014-3597 የሚል ሁለተኛ ቁጥር ወጣ፤ እሱን የዘጉት 5.4.32 እና 5.5.16 የተባሉት ስሪቶች ናቸው። በ2019 ደግሞ እዚያው ፋይል ውስጥ፣ ዲኤንኤስ መልስን በሚተነትነው ክፍል ላይ፣ ሲቪኢ-2019-9022 መጣ። ያኔ ተጠያቂው ቲኤክስቲ አልነበረም፣ ሲኤኤ የሚባለው ሪከርድ ነው። ጠባዩ ግን ያው ነው፤ ከውጭ የመጣን ርዝመት ሳይመዝኑ ማመን። ለኔ እዚህ ላይ የሚገርመኝ ስህተት መኖሩ አይደለም፣ ስህተት የትም አለ። የሚገርመኝ አንድ ሉፕ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች፣ አንዱ የደኅንነት፣ አንዱ የትክክለኛነት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ሲጠገን ሌላው ሳይታይ ማለፉ ነው። የመጀመሪያው ሲጠገን የአንዱ ቆጣሪ ጉዳይ እንዳለ ቀረ፣ ቆሻሻዋም ባይት ከነቦታዋ።

ስለ እኛ ፊደልም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይሄን በሌላ ቋንቋ የሚጽፉት አይነግሯችሁም። ቲኤክስቲ ውስጥ አማርኛ ማስገባት ይቻላል። ግን ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት አሠራር፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ደብረ ብርሃን» የሚለው 7 ፊደል እና አንድ ክፍት ቦታ ነው፣ በዲኤንኤስ ሂሳብ ግን 22 ባይት። እንግዲህ 255ን ለ3 ስታካፍሉት 85 ነው የሚመጣው። ለፈረንጁ 255 ፊደል የሚበቃው ቁራጭ ለኛ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ክፍት ቦታዎች አንድ አንድ ባይት ስለሆኑ ደግሞ መቁረጫው ልክ ፊደል መሃል ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የ«ደ» አንድ ሦስተኛ በመጀመሪያው ቁራጭ፣ ሁለት ሦስተኛ በሁለተኛው። በትክክል ከተገጣጠመ ምንም አይሆንም። መሃሉ ላይ አንዲት ቆሻሻ ባይት ከገባች ግን ፊደሉ ይጠፋና ያች የታወቀች ጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር ሳጥን ትመጣለች። ዲኤንኤስን በቀጥታ በሚጠይቀው፣ ዲግ በሚባለው ትእዛዝ ስታዩት ደግሞ «ደ» ፊደል ሆኖ አይታያችሁም፣ 225፣ 139፣ 176 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ሆኖ ነው የሚወጣው። አትደንግጡ፣ ተበላሽቶ አይደለም።

ሌሎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎችስ? ጎ ራሱ ገጣጥሞ አንድ ጽሑፍ ይሰጣችኋል። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ይሰጥና መግጠሙን ለናንተ ይተዋል፤ ሰነፍ ፕሮግራመር ዝርዝሩን እንዳለ ወደ ጽሑፍ ሲቀይረው ጃቫስክሪፕት መሃል ላይ ኮማ ያስገባለታል፣ ቁልፉ ውስጥ ኮማ። ፓይተን ላይ የታወቀው ዲኤንኤስፓይተን የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ካወጣችሁት ጥቅስ ምልክትና ክፍት ቦታ ጨምሮ ነው የሚሰጠው፤ ለሰው ዓይን እንጂ ለኮድ አይሆንም፣ ጥሬዎቹን ባይቶች ወስዶ መግጠም ነው የሚያዋጣው።

ፒኤችፒ ላይ ላላችሁ መፍትሔው ቀላል ነው። «ቲኤክስቲ» የሚለውን አትውሰዱ፣ «ኤንትሪስ» የሚለውን ወስዳችሁ ኢምፕሎድ በሚባለው የመግጠሚያ ፈንክሽን ያለ ምንም መለያ ግጠሙት። የድሮው ስህተት ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ሲያስቀምጥ አይሳሳትም ነበር፣ የሚሳሳተው ሲገጣጥም ነው። አዲስ ስሪት ላይም ብትሆኑ ይህ አካሄድ ምንም አይጎዳችሁም። ፈንክሽኑ መልስ ሲያጣ ባዶ ዝርዝር እንደሚመልስ፣ ጥያቄው ራሱ ሲከሽፍ ደግሞ ፎልስ (ሐሰት የሚል ዋጋ) እንደሚመልስ ለዩ፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ሪከርድ የለዎትም» የሚል ገጽ ነው ደንበኛን የሚያስበረግገው። ዲኤንኤስ ለአፍታ ስላልመለሰ ብቻ ሰው ሄዶ ሪከርዱን ይደግመዋል።

አሁን ኔትወርኩን በነጻ አልለቀውም፣ ድርሻ አለው። ዲኤንኤስ በተለመደው መንገድ ዩዲፒ በሚባለው ቀላል የመላኪያ ዘዴ ላይ ነው የሚሄደው፤ የመጀመሪያው ወሰን ደግሞ 512 ባይት ነበር። አሁን ኢዲኤንኤስ የሚባለው ማራዘሚያ ከፍ አድርጎታል። መልሱ ከዚያም ከተረፈ ሰርቨሩ «ተቆርጧል» የሚል ምልክት አድርጎ ይልክና ጠያቂው ቲሲፒ በሚባለው ሌላ የመላኪያ ዘዴ እንደገና መጠየቅ አለበት። አንዳንድ ቢሮ ፋየርዎሉን ያቆመው ሰው «ዲኤንኤስ ማለት ዩዲፒ 53 ነው» ብሎ ቲሲፒውን ዘግቶታል። ያን ጊዜ አጭሩ ሪከርድ ይመጣል፣ ረጅሙ አይመጣም። ዋናው ዶሜን ላይ የተከመሩ የማረጋገጫ ሪከርዶች በሙሉ በአንድ መልስ ተጠቃለው ስለሚመጡ፣ ድሮ የተጠቀማችሁበትና አሁን የማያስፈልግ ማረጋገጫ ካለ አጥፉት። ዲኪም በራሱ ንዑስ ስም ስር ስለሚቀመጥ እዚያ ክምር ውስጥ አይገባም።

አንድ የምመክረው ማጣሪያ አለ። መመርመሪያ ገጹ ቀይ ሲያሳያችሁ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ በዲግ ቀጥታ ጠይቁ። ሁለት በጥቅስ የታጠሩ ቁርጥራጮች በአንድ መስመር ላይ ካያችሁ አንድ ሪከርድ ነው፣ ደህና ነው። በሁለት መስመር ከመጡ ሁለት ሪከርድ ናቸው፣ እሱ ነው የሚስተካከለው። ከዚያ ጥቅሶቹንና መሃላቸው ያለውን ክፍተት አውጥታችሁ ርዝመቱን ቁጠሩ። ባለ 2048 ቢት ከሆነና መግቢያው የተለመደው ከሆነ 410 መምጣት አለበት። ዲግ ላይ 410፣ ፒኤችፒው ላይ 411 ከሆነ ሌባው ተይዟል።

የመጨረሻው የሆስቲንጉ ጉዳይ ነው፣ እሱን ከደንበኞቼ ጋር ስንከራከርበት ነው የምንውለው። ፒኤችፒ 5.6 ድጋፉ ያበቃው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው፣ 7.4 ደግሞ በ2022። እስከ ዛሬ እነሱ ላይ የተቀመጠ ድረ ገጽ ግን አይጠፋም፤ አዲሱ ስሪት ላይ ሲቀየር አሮጌው ቴም (የድረ ገጹ ገጽታ) ይሰበራል ብለው ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው፣ ብዙዎቹ ይሰበራሉ። እኔ የምላቸው ድረ ገጹን መጀመሪያ ኮፒ አድርጋችሁ ንዑስ ዶሜን ላይ በአዲሱ ስሪት ሞክሩት ነው። የሚሰበረውን እዚያ ታዩታላችሁ፣ ደንበኛ ሳያይባችሁ። የሆስቲንግ መቆጣጠሪያው ላይ ስሪት መምረጫ ከሌለ ደግሞ ደውላችሁ የትኛው የፒኤችፒ ስሪት ላይ እንዳላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ሊነግሯችሁ ካልቻሉ ዶሜኑን ይዛችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።